ደንበኛው ማን ጋ ነው ያለው? ያለ ማኅበራዊ ሚዲያ የኦንላይን ንግድን ስለማሳደግ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ማታ የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የቲክቶክ ገጻችሁ ቢዘጋ፣ ነገ ጠዋት ለስንት ደንበኛ «አለን፣ ሥራ ላይ ነን» ብላችሁ መልእክት መላክ ትችላላችሁ?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዝም ይላል። ሃምሳ ሺህ ተከታይ ይኖረዋል፤ የአንዳቸውም ስልክ ወይም ኢሜይል ግን እጁ ላይ የለም። ተከታዮቹን የሚያውቃቸው፣ ለማን መቼ ምን እንደሚታይ የሚወስነው የመድረኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው። ነጋዴው ደንበኞቹን የሚያገኘው ኩባንያው እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው።

«ገጼ ደግሞ ለምን ይዘጋል?» ትሉ ይሆናል። ጥፋት ባይኖርባችሁም ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። ብዙ ሰው ተጠልፈው ነው ብሎ ጠረጠረ። ነገሩ ግን የኩባንያው የራሱ መሐንዲሶች በጥገና ላይ ሳሉ የሰጡት አንድ ትእዛዝ ነበር፤ የመረጃ ማዕከሎቹን የሚያገናኘውን መስመር ቆረጠው። ስድስት ሰዓት ይታለፋል። የማይታለፈው ሌላው ነው። በጁን 2020 ሕንድ ቲክቶክን ከሌሎች 58 የቻይና መተግበሪያዎች ጋር አገደች፤ እዚያ ተከታይ ሲሰበስብ የከረመ ሰው ሁሉ በአንድ ምሽት ባዶ እጁን ቀረ። ቫይን የሚባለውን የስድስት ሰከንድ ቪዲዮ መድረክ ያስታወሰው አለ? ባለቤቱ ትዊተር ሊዘጋው መሆኑን በ2016 መጨረሻ አሳወቀ፣ በ2017 መጀመሪያ ዘጋው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ድምፅ የሌለው ለውጥ ነው። በጃንዋሪ 2018 ማርክ ዙከርበርግ ፌስቡክ ከዚያ ወዲያ የወዳጅ ዘመድን ፖስት እንደሚያስቀድም፣ ከንግድ ድርጅቶችና ከመገናኛ ብዙኃን የሚመጣው እንደሚቀንስ በይፋ ተናገረ። ገጽ አልተዘጋም፣ ተከታይ አልተቀነሰም። የሚታየው ፖስት ግን አነሰ። «ላይክ» ያደረገህን ሰው ለማግኘት ማስታወቂያ መክፈል ይኖርብህ ጀመር። በኩባንያው ቦታ ሆናችሁ ካያችሁት አይገርምም፤ የሚኖረው ከማስታወቂያ ነው። ለነጋዴው በነፃ የሚሰጠው እያንዳንዱ እይታ፣ ሊሸጠው ይችል የነበረ እይታ ነው።

ስለዚህ እዚህ የማወራው ማኅበራዊ ሚዲያን አጥፉ ብዬ አይደለም። ያለ እሱ መቆም የሚችል ንግድ እንዴት ይሠራል ነው ጉዳዩ።

ሦስት ሥራ በአንድ

ማኅበራዊ ሚዲያን መተካት ከባድ የሚመስለው ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ጠቅልሎ ስለሚሠራ ነው። የማያውቃችሁን ሰው ከእናንተ ጋር ያስተዋውቃል። የሚያውቃችሁ እንዳይረሳችሁ ያደርጋል። ልግዛ አልግዛ እያለ የሚያመነታውን ደግሞ፣ ኮሜንቱን አይቶ እንዲያምናችሁ ያግዛል። አንድ መተኪያ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ሥራዎቹን ለየብቻ ሲያያቸው ግን ለእያንዳንዱ ቀድሞም የነበረ መንገድ አለ።

አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው፣ ማለትም አዲስ ሰው ከማግኘት፣ መነሳት ይፈልጋል። እኔ ከሁለተኛው ብትጀምሩ እላለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ቀድሞ የገዛው ደንበኛ ይረሳል። አንዴ ከፍሎ፣ ዕቃው ደርሶት፣ ወድዶት የተቀመጠ ሰው ጋ ተመልሶ መሄድ፣ ስለ እናንተ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከማሳመን እጅግ ይቀላል። አዲስ ሰው ብታመጡም የምታስቀምጡበት ከሌለ ያው ይፈስሳል።

አድራሻው እጃችሁ ላይ ይሁን

ደንበኛን በራስ እጅ ለመያዝ እስካሁን ከኢሜይል የተሻለ ነገር አልመጣም። ያረጀ ነገር መስሎ ይታያል፤ ያረጀም ነው። ጥቅሙ ግን ከማርጀቱ ጋር የተያያዘ ነው። ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ በ1982 ሲጻፍ ለማንም ክፍት ሆኖ ነው የተጻፈው። ባለቤት የለውም። ከአንዱ ድርጅት ሰርቨር (መልእክት ከሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ወደ ሌላው ድርጅት ሰርቨር ይሄዳል። ዛሬ የምትልኩበትን አገልግሎት ካልወደዳችሁት፣ የደንበኞቻችሁን ዝርዝር በአንድ ፋይል አውርዳችሁ ሌላ ጋ ትሄዳላችሁ። የኢንስታግራም ተከታዮቻችሁን እንዲህ አድርጋችሁ ይዛችሁ መውጣት አትችሉም።

«ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ እሱስ?» የሚል ይኖራል። ከሌሎቹ ይሻላል፤ ፖስቱ ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል። ነገር ግን የቻናል ባለቤት የአባላቱን ስልክ ቁጥር አያይም። ቻናሉ ከጠፋ ሰዎቹም አብረው ይጠፋሉ። ደንበኞቻችሁ ኢሜይል የማይከፍቱ ከሆኑ ፈቅደው የሰጧችሁ ስልክ ቁጥር እና አጭር የጽሑፍ መልእክት ያስኬዳል። ፍሬ ነገሩ አድራሻው እናንተ ፋይል ውስጥ መገኘቱ ነው።

በኢሜይል ዝርዝር ብቻ የተነሳ ንግድ ካስፈለገ ክሬግስሊስት አለ። ክሬግ ኒውማርክ በ1995 በሳን ፍራንሲስኮ ስለሚካሄዱ ዝግጅቶች ለጓደኞቹ ኢሜይል ይልክ ነበር። ጓደኞቹ ለጓደኞቻቸው ነገሩ፤ ዝርዝሩ ረዘመ። ሥራ የሚፈልግም፣ ቤት የሚያከራይም ማስታወቂያውን ይልክለት ጀመር። ዌብሳይቱ የመጣው ከዝርዝሩ በኋላ ነው።

ሰው ኢሜይሉን በከንቱ አይሰጥም። «ለዜና መጽሔታችን ይመዝገቡ» የሚል ሳጥን ከዌብሳይቱ ግርጌ ማስቀመጥ ምንም አይፈይድም፤ ዜና የጎደለበት ሰው የለም። የተለየ፣ ወዲያው የሚጠቅም ነገር መስጠት ያስፈልጋል። በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት የልብስ ፓተርን (ጨርቅ የሚቆረጥበትን ንድፍ) ነድፋ በፒዲኤፍ ትሸጣለች እንበል። ጎብኚው ኢሜይሉን ቢሰጥ አንድ የሕፃን ቀሚስ ፓተርን ከነ ልክ አወሳሰዱ በነፃ ያገኛል። ያንን የሚያወርደው የሚሰፋ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰበሰበው አድራሻ ጥቂት ቢሆንም ገዢ ሊሆን የሚችል ሰው አድራሻ ነው።

ከዚያ ምን ይጻፍላቸዋል? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚደነቃቀፉት። በየሳምንቱ «ቅናሽ! ቅናሽ!» ይላሉ፤ ሰውም በየሳምንቱ ይወጣል። ፓተርን ሻጯ ይህን ጽፋ ብትልክስ?

«ሰላም፣ ባለፈው ወር የገዙት የቀሚስ ፓተርን ወገቡ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ይጠብባል ብለው የጻፉልኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። አስተካክዬዋለሁ፤ አዲሱ ፋይል ከታች አለ፣ ክፍያ የለውም። ጨርቁን ገና ካልቆረጡ አሮጌውን ይተዉት። ከሰፉት ደግሞ በግራና በቀኝ ጎን አንድ አንድ ሴንቲሜትር ይልቀቁት፣ ይበቃል።»

እዚህ መልእክት ውስጥ «ግዙኝ» የሚል ቃል የለም። ቀጣዩ ፓተርን ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ኢሜይል የደረሰው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየሁለት ሳምንቱ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ ሲኖር ግልጽ የሽያጭ መልእክት፣ በቂ ነው። መሸጥን እንደ ነውር አትዩት፤ ሰዎቹ ንግድ መሆናችሁን ያውቃሉ።

ትንሽ ቴክኒካዊ ነገር አለ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ካልተሠራ ኢሜይሉ ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት የሚጣልበት ሳጥን) ውስጥ ይገባል። መልእክቱ ከራሳችሁ ዶሜይን (በስማችሁ ከተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ) መነሳት አለበት፤ ከግል የጂሜይል አድራሻ ለአምስት መቶ ሰው መላክ አያስኬድም። ከዚያ ሦስት ነገሮች ይስተካከላሉ። ኤስፒኤፍ በእናንተ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ዲኪም መልእክቱ በመንገድ ላይ እንዳልተነካካ የሚያሳይ ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ እነዚህን ፈተናዎች ያላለፈ መልእክት ሲመጣ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይነግራል። የኢሜይል መላኪያ አገልግሎቶች ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ለሚልኩለት ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጣት እንዲቻልም ይጠይቃል። «ይህ ስፓም ነው» ብሎ የሚያመለክተው ተቀባይ ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት። ከሺህ ሦስት ሰው ማለት ነው። ጥቂት የተናደዱ ሰዎች ለሌላው ሁሉ የምትልኩትን ሊያሰናክሉባችሁ ይችላሉ።

የኢሜይል አድራሻ ዝርዝር የሚሸጡላችሁ ሰዎች ይመጣሉ። አትግዙ። ባልጠየቀው ኢሜይል የማይናደድ ሰው የለም፤ በ1978 አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ሻጭ ለአራት መቶ ያህል ሰው የሽያጭ መልእክት በአንድ ጊዜ ሲልክ፣ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ገና በቅጡ ሳይወለድ፣ የደረሰበት ቁጣ ዛሬም ይወራል። በአውሮፓ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት የሰውን አድራሻ መጠቀምን በቅጣት ያስጠይቃል።

የሚያታልል ቁጥርም አለ። ስንት ሰው ኢሜይሉን ከፈተ የሚለው። አፕል በ2021 ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት፣ ሰውየው ሳይከፍተው እንደተከፈተ ሆኖ የሚመዘገብ ብዙ ነው። ስንት ሰው ሊንኩን ነካ፣ ስንት ሰው መለሰ፣ ስንት ሰው ገዛ የሚሉትን ተከታተሉ። በተለይ የሚመልስላችሁን ሰው አትለፉት።

እየፈለገ የመጣ ሰው

አሁን ወደ አዲስ ሰው እንሂድ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያለ ሰው ሌላ ነገር ሲያይ ነው የምታቋርጡት። ጎግል ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ችግሩን በራሱ አፍ እየተናገረ ነው የሚመጣው። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የጎግል ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዞረ ገጾችን ያነባል። ያነበበውን ያከማቻል። ሰው ሲጠይቅ ካከማቸው ውስጥ የተሻለ ይመልሳል ያለውን በቅደም ተከተል ያወጣል። ቅደም ተከተሉን ለማውጣት ብዙ ነገር ያያል። ገጹ ጥያቄውን በእርግጥ ይመልሳል ወይ? ሌሎች ዌብሳይቶች ወደዚህ ገጽ ይጠቁማሉ ወይ? በስልክ ላይ ቶሎ ይከፈታል ወይ?

ወደ ፓተርን ሻጯ እንመለስ። «የልብስ ፓተርን» በሚል ቃል ከትልልቆቹ ጋር ብትፎካከር ትሸነፋለች። ደንበኞቿ ግን ሌላም ነገር ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ «የስፌት ማሽኔ ክር ለምን ይበጥሳል?» አንድ ገጽ ትጽፋለች። ርዕሱ ጥያቄው ራሱ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ቀጥታ መልስ ይሰጣል፦ ብዙውን ጊዜ መርፌው ደንዝዞ ወይም ተገልብጦ ገብቶ ነው፤ መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ። ካልሆነ የላይኛው ክር ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ውጥረቱን ቀንሱት። ካልሆነ ክሩ ራሱ አርጅቷል፤ በእጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ በቀላሉ ከተበጠሰ ጣሉት። ከሥሩ መርፌው በትክክልና ተገልብጦ ሲገባ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች፣ በራሷ ስልክ የተነሱ። መጨረሻ ላይ ያ ነፃ የሕፃን ቀሚስ ፓተርን።

ሌሊት አጋማሽ ላይ ሥራዋ ተቋርጦባት የተበሳጨች ልብስ ሰፊ ያንን ገጽ ብታገኝ፣ ችግሯን በአምስት ደቂቃ ትፈታለች። ፓተርኑንም ታወርዳለች። አንድ ፖስት በሁለት ቀን ይረሳል፤ ይህ ገጽ ከሦስት ዓመት በኋላም ሰው ሊያመጣ ይችላል።

እነዚህን ጥያቄዎች ከየት ታገኛላችሁ? ደንበኞቻችሁ ከሚልኩላችሁ መልእክት። ተመሳሳይ ጥያቄ ሦስተኛ ጊዜ ስትመልሱ መልሱን ገጽ አድርጉት። ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባለውን ነፃ መሣሪያም ከዌብሳይታችሁ ጋር አገናኙ፤ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንዳገኟችሁ ያሳያል። አስባችሁት የማታውቁት ጥያቄ እዚያ ውስጥ ይኖራል።

ሁለት ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። አንደኛ፣ ይዘገያል። አዲስ ዌብሳይት በወራት ነው የሚታይለት፤ በሳምንት ውስጥ አንደኛ አወጣችኋለሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ ብራችሁን አትስጡት። ሁለተኛ፣ ጎግልም የሰው ነው። በ2011 እና በ2012 የደረጃ አወጣጡን ሲቀይር፣ በይድረስ ይድረስ በተጻፉ ገጾችና በተገዙ ሊንኮች የቆሙ ብዙ ዌብሳይቶች ወደቁ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ብዙ ጊዜ ከውጤቶቹ በላይ ያስቀድማል፤ አንዳንዱ ጠያቂ ወደ ማንም ዌብሳይት ሳይሄድ መልሱን አግኝቶ ይወጣል። ከፌስቡክ ጥገኝነት ወጥቶ የጎግል ጥገኛ መሆን ብዙም ለውጥ አይደለም። ስለዚህ ከሰርች የመጣውን ጎብኚ በተቻለ መጠን ወደ ኢሜይል ዝርዝሩ ማስገባት ያስፈልጋል። ነፃው ፓተርን ገጹ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ሌሎች የሰበሰቡት ሰው

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ለጀማሪ ምናልባት ከሁሉም ፈጣኑ ነው። እናንተ የምትፈልጉትን ደንበኛ ቀድሞ የሰበሰበ፣ የማይፎካከራችሁ ሰው ፈልጉ። ለፓተርን ሻጭ ጨርቅ በኦንላይን የሚሸጥ፣ ወይም ስፌት የሚያስተምር ሰው ነው። ጨርቅ ሻጩ ለገዢዎቹ «በዚህ ጨርቅ ሊሰፋ የሚችል ፓተርን» ብሎ ቢልክ ለእሱም ጨርቁን ይሸጥለታል። ከሽያጩ ድርሻ መስጠትም የተለመደ ነው፤ አማዞን ሌሎች ዌብሳይቶች ገዢ ሲልኩለት ኮሚሽን መክፈል የጀመረው በ1996 ነው።

ስትጠይቁ ግን «አብረን እንሥራ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ያ መልእክት በየቀኑ ይደርሳቸዋል። ተሠርቶ ያለቀውን ነገር ላኩ፦ ለጨርቁ የሚስማማውን ፓተርን፣ ገዢዎቹ የሚደርሳቸውን አጭር ጽሑፍ፣ ድርሻው ስንት እንደሆነ። እሱ «እሺ» ብቻ እንዲል።

ደንበኛ ደንበኛ እንዲያመጣ ማድረግን በተመለከተ ሁልጊዜ የሚጠቀሱት ሆትሜይልና ድሮፕቦክስ ናቸው። ሆትሜይል በ1996 ሲጀምር፣ ተጠቃሚዎቹ ከሚልኩት እያንዳንዱ መልእክት ሥር ነፃ ኢሜይል ያግኙ የሚል መስመር ጨመረ፤ በ1997 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ሲገዛው ተጠቃሚው በሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። ድሮፕቦክስ ለጋባዡም ለተጋባዡም ተጨማሪ ማከማቻ ሰጠ። ጥሩ ታሪኮች ናቸው፣ ግን ያለ ቦታቸው ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ነፃ ነበሩ፤ ሁለቱም ሰው ከሰው ጋር ሲጠቀምባቸው የሚስፋፉ ዕቃዎች ናቸው። የሚከፈልበት ዕቃ የሚሸጥ ትንሽ ንግድ ከእነሱ የሚወስደው አንድ ነገር ቢኖር፣ ጋባዡ ብቻ ሳይሆን የተጋበዘውም እንዲጠቀም ማድረግ ነው። ያኔ ሰው ጓደኛውን ሲጋብዝ ሊጠቀምበት የፈለገ አይመስልም።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ? የሚሠራበት ጊዜ አለ። አንድ ደንበኛ በቆይታው ሁሉ ስንት ትርፍ እንደሚተውላችሁ ሳታውቁ ግን አትግቡበት፤ ስንት ከፍላችሁ ብታመጡት እንደሚያዋጣ አታውቁምና።

እምነቱ ደግሞ፣ ሦስተኛው ሥራ፣ የሚመስለውን ያህል አያስቸግርም። ደንበኞች የጻፉላችሁን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ከሚሸጠው ዕቃ ጎን አስቀምጡ። ሁሉም ሙገሳ ከሆነ አይታመንም፤ «ፓተርኑ ጥሩ ነው፣ ግን ማተሚያው ላይ ልኬቱን ማስተካከል አስቸገረኝ» የሚለውም ይግባ፣ መልሳችሁም ከሥሩ ይታይ። ገንዘብ የሚመለስበት ደንብ በግልጽ ይጻፍ። ጥያቄ ሲመጣ ሰው መልስ የሚሰጥበት አድራሻ ይኑር።

እነ ላሽስ?

ሉሽ ወይም ላሽ የሚባለው የእንግሊዝ የመዋቢያ ኩባንያ በኖቬምበር 2021 ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከስናፕቻት ወጣ። ብዙ ሰው ይህንን እያነሳ «አያችሁ፣ ይቻላል» ይላል። ይቻላል። ነገር ግን ላሽ ሲወጣ በብዙ አገር ሱቆች ነበሩት፣ ስሙም የታወቀ ነበር። ገና ሃያ ደንበኛ ያለው ሰው እሱን አይቶ ገጹን ቢያጠፋ የሚያገኘው ዝምታ ነው። ገጽ ካላችሁ ይቆይ። የሚሸጠውን ዕቃ ከመለጠፍ ይልቅ ወደ ነፃው ፓተርን የሚወስደውን ሊንክ ከላይ አስቀምጡበት፣ በሳምንት አንዴ እያያችሁ ኑሩ። ያተረፋችሁትን ሰዓት መልስ የሚሰጡ ገጾች ለመጻፍ አውሉት።

የትኛው መንገድ እንደሠራ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክፍያው እንዳለቀ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ባዶ ሳጥን አስቀምጡ። ምርጫ አትዘርዝሩ፣ በራሳቸው ቃል ይጻፉ። «እህቴ ፋይሉን ላከችልኝ» ወይም «ማሽኔ ክር ሲበጥስ አገኘኋችሁ» የሚል መልስ የትኛውም ግራፍ አያሳያችሁም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ዶሜይኑ። ኢሜይሉም ዌብሳይቱም የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ዌብሳይቱን በሠራላችሁ ልጅ ስም ሳይሆን በራሳችሁ ስም ይመዝገብ፤ ክፍያው በየዓመቱ በራሱ እንዲታደስ አድርጉት። ማይክሮሶፍት ራሱ በ1999 የገና ሰሞን የአንድ ዶሜይን ክፍያ ሳያድስ ቀርቶ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች መግባት አቅቷቸው ነበር፤ በመጨረሻ የከፈለለት የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆነ አንድ ፕሮግራመር ነው፣ ከገዛ ኪሱ። ዶሜይኑን ስትመዘግቡ የምትሰጡት ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን። ዶሜይኑ ከተዘጋ፣ መዘጋቱን የሚነግራችሁ መልእክትም የሚመጣው ወደ ተዘጋው አድራሻ ይሆናል።